የአራት መሰኪያ ድልድል

በዚያ ዘመን የወረዳ ባለሙያ ነበርኩ። የየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ባልናገር ይሻላል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለነበሩ የፈለጋችሁትን ብትገምቱ አትሳሳቱም። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነበር። መዋቅሩ የሰጠኝ የሥራ መደብ ስም ግን ከመርዘሙ የተነሳ፣ አንድ ሰው መንገድ ላይ አግኝቶኝ ምን ትሠራለህ ካለኝ ስሙን ጠርቼ ሳልጨርስ ባጃጁ መጥቶ ይዞት ይሄዳል።

ባለቤቴም ባለሙያ ነበረች፤ እሷስ የእውነት ባለሙያ። ግብርና ተምራ የቀወት ወረዳን ቀበሌዎች በእግሯ ስትዞር የኖረች ናት። ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየገባች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር፤ የመመረቂያ ጥናቷም ስለ ማሾ ነበር። የቆላው ገበሬ ማሾ መዝራት ከጀመረ ወዲህ ምን አገኘ፣ ምን አጣ፣ ምርቱ ገበያ ሲወጣ ማን ተጠቀመ የሚል ጥናት ነው። ለዚህ ስትል ሁለት ዓመት ሙሉ ከደጅ ደጅ እየዞረች ገበሬ ጠይቃለች፣ ማሳ ለክታለች፣ ድምፅ ቀድታለች። አንዱን ገበሬ ለማግኘት ሦስት ጊዜ የተመላለሰችበት ቀን አለ፤ አንዴ ማሳ ወርዷል ይሏታል፣ አንዴ ለቅሶ ሄዷል ይሏታል፣ በሦስተኛው ደግሞ የመንግሥት ሰው መጣ ሲሉት በጓሮ በኩል ወጥቶ ሄዷል። ይህ ሁሉ ልፋት የተከማቸው እኔ በሠራሁት ሰርቨር ውስጥ ነበር።

ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ነው ብሎ በጨረታ ያስወገደው ኮምፒውተር ነው። አቧራውን አራግፌ፣ የደከመ ማራገቢያውን ቀይሬ፣ ሳሎናችን ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ በእንጨት ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። ፋይል ሁሉ እሱ ጋ ይቀመጣል፤ እኛም ከላፕቶፕና ከስልክ ሆነን በዋይፋይ እየገባን የምንፈልገውን እናወጣለን። ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ይሠራል፤ መብራት የሌለበትን ቀን ሳንቆጥር ማለቴ ነው። ስሠራው ኩራቴ ለጉድ ነበር። ከተማው ውስጥ ቤቱ ሰርቨር ያለው እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ፣ ወሬው ምን ይዞብኝ እንደሚመጣ አላሰብኩም።

የማሽኑ ችግር አንድ ነበር። ሃርድ ዲስክ የሚገናኝበት መሰኪያ ያለው አራት ብቻ ነው። አምስተኛ ዲስክ ያለው ሰው ዲስኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ማሽኑ ግን አያየውም። መሰኪያ የሚጨምር ካርድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ዲስክ በዩኤስቢ ከውጭ የሚያገናኝ ሣጥንም አለ። ሁለቱም ያሉት አዲስ አበባ ነው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የምሄደው ለስልጠና ነበር፤ ስልጠና ደግሞ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ሲያበቃ ነው የሚያልቀው። እገዛለሁ፣ እገዛለሁ እያልኩ ዓመት አለፈ።

መጀመሪያ ላይ ድልድሉን በሥርዓት ነበር የሠራሁት። አንደኛው መሰኪያ ሲስተሙ ለተጫነበት ትንሽ ዲስክ ሆነ፤ ያለሱ ማሽኑ አይነሳም። ሁለተኛው ለቤታችን ትልቅ ዲስክ ሆነ፤ የባለቤቴ ጥናት ያለው እሱ ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ የዚያን ትልቅ ዲስክ መንትያ ሰካሁ። ሁለተኛው ላይ የሚጻፈው ሁሉ በዚያው ቅጽበት መንትያው ላይም ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ምንም ሳይጎድልበት ይቀጥላል። አራተኛው መሰኪያ ክፍት ነበር። ለባለቤቴ ይህን ሳስረዳት ሥራዋ ሁለት ቦታ መቀመጡን ደጋግማ አረጋግጣ፣ እፎይ ብላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣች።

አራተኛውን የያዙት አከራያችን ናቸው። በርዕሰ መምህርነት ጡረታ የወጡ፣ ግቢው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው፣ በሰፈሩ ሽምግልና የማይታጡ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ የላኩላቸውን ዲስክ በፌስታል ይዘው መጡና እስቲ ይህን ነገር እይልኝ አሉኝ። አየሁላቸው። የሦስት ልጆች ሠርግ፣ የንስሐ መዝሙሮች፣ የራሳቸው የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ነበር። ሠርጎቹን አንድ ጊዜ አዩ፤ የመሸኛውን ዝግጅት ሁለት ጊዜ አዩ። ከዚያ ዲስኩን ሊወስዱ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ይሁን ጋሼ፣ እዚሁ ይቀመጥ፣ በፈለጉ ጊዜ ይመለከታሉ አልኳቸው። እሺ፣ እንዳልክ ብለው ሄዱ። በዚያ ዓመት ዳግመኛ ዲስኩን የጠየቁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በጥቅምት ሐጂ መጡ። ሐጂ የግቢያችን ጎረቤት ናቸው፤ አባቶቻቸው ይፋት ውስጥ ከድሮ የኖሩ፣ ማሾና ሽንኩርት በኢሱዙ አስጭነው የሚልኩ ነጋዴ። ጅዳ የምትኖረው ልጃቸው ወደ አገር በተመለሰ ሰው እጅ ዲስክ ልካላቸው ነበር። ውስጡ ያለው የልጅ ልጆቻቸው ቪዲዮ ነው፤ ሲራመዱ፣ ሲወድቁ፣ ከጥርሳቸው በላይ የሆነ ዳቦ ሲነክሱ። ሐጂ ቤት ኮምፒውተር የለም። ልጄ፣ ይህ ነገር ይከፈት ይሆን ሲሉኝ ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ጉጉት ሰምቶ እምቢ የሚል ሰው አንጀቱ ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም።

ግን የት ልሰካው? የጋሼን ዲስክ ነቅዬ የሐጂን ብሰካ፣ ጋሼ በመስኮት ብቅ ብለው የኔስ ቢሉ ምን ልል ነው? የጋሼን ትቼ ሐጂን ቦታ የለም ብላቸው ደግሞ፣ የክርስቲያኑን ተቀብሎ የሙስሊሙን መለሰ ይባላል። ማን ይላል ብትሉኝ መልስ የለኝም። ጋሼና ሐጂ የአንድ ዕድር ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ሲታመም ሌላኛው ነው ሐኪም ቤት የሚያደርሰው። እኔ ግን በመሥሪያ ቤት በየስብሰባው ስለ እኩልነት ስሰማ ከርሜ፣ አራት መሰኪያ ላይ ሳይቀር ሚዛን መጠበቅ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ባለሥልጣን ቢሆን ኖሮ ቤታችን ጽሕፈት ቤት ይከፍት ነበር።

ሐጂ ዲስኩን ሰጥተውኝ ከሄዱ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ለመወያየት ተቀመጥን። ቃለ ጉባኤ የመያዝ አመል ከቢሮ ይዤ መጥቼ ስለነበር ደብተር አወጣሁ። አጀንዳው አንድ ነው፤ የሦስተኛው መሰኪያ ጉዳይ። ሲስተሙን መንቀል አይቻልም፣ የቤቱን ዲስክ መንቀል አይቻልም፣ የጋሼን መንቀል ነውር ነው። የቀረው መንትያው ነው። በየወሩ መጨረሻ ለአንድ ቀን እየሰካሁት አዲሱን ሁሉ እገለብጥበታለሁ ብዬ አቀረብኩ። ባለቤቴ ሐሳቤን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«የኔን መንትያ አትንቀልብኝ» አለች። «የዘንድሮውን የምርት ቁጥር ገና መሰብሰቤ ነው። ይህ ዲስክ አንድ ነገር ቢሆን ምን ልሆን ነው?»

«አንቺ እኮ የቤት ሰው ነሽ» አልኳት። «ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ሐጂ አይተው ይጨርሳሉ።»

ቦርሳዋን አንስታ ወደ መስክ ወጣች። እኔ ደብተሬ ላይ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ብዬ ጻፍኩ። ጉባኤው የሁለት ሰው ስለነበር አንዱ ሲወጣ የቀረው ሙሉ ድምፅ መሆኑ ነው።

እኛ አገር ምግብ ሲቀርብ እንግዳ ይቀድማል፣ የቤት ሰው ይጠብቃል። ከተረፈ ይበላል፣ ካልተረፈም አልራበኝም ይላል። ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ፤ አሳድጎኛል። እሱን ወደ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ አስገብቼ ዲስክ በክብር ቅደም ተከተል የደለደልኩ ግን በዓለም ላይ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። የሚገርመው ነገር ከማንም በላይ ትክክል ነኝ ብዬ ማመኔ ነው።

ሐጂ በየዓርቡ ከጁምዓ ሰላት ሲመለሱ ይመጡ ጀመር። ባለቤቴ ላፕቶፑን ትከፍትላቸዋለች፣ እሳቸው ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የልጅ ልጆቻቸውን ያያሉ፤ አንዳንዴ ይስቃሉ፣ አንዳንዴ ዝም ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሁለት ሳምንቱ አልፎ ሐጂ እንግዲህ ልውሰደው ሲሉ፣ ኧረ ሐጂ፣ ምን ቸገረን፣ እዚሁ ይሁን አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ፣ እናንተ ጥሩ ልጆች ናችሁ ብለው መረቁን። ምርቃቱን ተቀብዬ ባለቤቴን ቀና ብዬ ሳያት እሷ የላፕቶፑን ገመድ እየጠቀለለች ነበር።

መንትያው ቁም ሣጥን ውስጥ ከክረምት ሹራቦቻችን ጋር ተኛ። በየወሩ እሰካዋለሁ ያልኩትን በኅዳር አንድ ቀን ሰካሁት። በታኅሣሥ ሪፖርት በዛብኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም።

በጥር ኃላፊዬ መጣ። በዚያ ጊዜ በመሥሪያ ቤታችን በአንድ ለአምስት ተቧድነን በየሳምንቱ እንገማገም ነበር። አንዱ ሳምንት ላይ ተራው የእኔ ሆነና፣ ቤቱ ውስጥ ዘመናዊ ቴክኖሎጂ አደራጅቶ ለመሥሪያ ቤቱ ልምዱን አላካፈለም የሚል ሒስ ቀረበብኝ። ሒሱን ተቀበልኩ፤ አለመቀበል የሚባል ነገር አልነበረም። በማግስቱ ኃላፊዬ ቢሮ አቧራ ነው፣ መብራቱም ይቆራረጣል፣ አንተ ጋ ይቀመጥ ብሎ የጽሕፈት ቤቱን ዲስክ አስረከበኝ። የቢሮውን መብራት የሚያቆራርጠውና የኔን ቤት መብራት የሚያቆራርጠው አንድ መስመር መሆኑን ልነግረው አስቤ ተውኩት።

ዲስኩን ከፍቼ አየሁት። የስልጠና ቪዲዮ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት የተሻሻለ፣ የተሻሻለው እንደገና የተሻሻለ፣ ከዚያ የስብሰባ ፎቶ። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሁሉ የታሸገ ውሃ ፊቱ አስቀምጦ ከእንቅልፍ ጋር ይታገላል። እኔም አለሁበት፤ እንዲያውም ተሸንፌያለሁ።

እንግዲህ አምስተኛ ዲስክ መጣ፤ መንትያውን ከቆጠርነው ስድስተኛ። እኔ ግን ዘዴ ነበረኝ። ሲስተሙን ከትንሿ ዲስክ አውርጄ ፍላሽ ላይ ከጫንኩት ማሽኑ ከፍላሹ ይነሳል፤ ፍላሹ የሚገባው በዩኤስቢ ስለሆነ አንደኛው መሰኪያ ነፃ ይወጣል። ይህን ሳስረዳት የባለቤቴ ፊት በራ። እንግዲያው መንትያዬ ይመለሳል ማለት ነው አለችኝ። የኃላፊውን ዲስክ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠህ ሲጠይቅህ ትሰካለህ፤ የሚጠይቅህም አይመስለኝም አለች። እውነቷን ነበር። እኔ ግን ኃላፊው ድንገት ደውሎ አንድ ፋይል ቢፈልግስ፣ አላገኘሁትም ብለው በሚቀጥለው ግምገማ ምን ይውጠኛል የሚል ፍርሃት ያዘኝ። ሦስት ቀን አሰብኩበት። በአራተኛው የኃላፊውን ዲስክ አንደኛው መሰኪያ ላይ ሰካሁ። ቁጥር አንድ ላይ ሌላ ማን ሊቀመጥ ኖሯል?

ባለቤቴ በዚያን ቀን ምንም አላለችም። እኔም ተስማማች ብዬ ተረዳሁ። በስብሰባ የኖረ ሰው ዝምታን የሚያነበው እንዲያ ነው።

አንድ ጊዜ ግን ኅሊናዬ ወቅሶኝ የኃላፊውን ዲስክ ነቅዬ ለመንትያው ቦታ ለቀቅኩ። ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢሮ ቁጭ ባልኩበት ኃላፊዬ ጠራኝ። ከዞን ቡድን ይመጣል፣ ያንን ሰርቨር ሊጎበኙ ይችላሉ፣ ዝግጁ ይሁን አለኝ። ባጃጅ ይዤ ቤቴ በረርኩ፤ ገና ምንም ያልገለበጥኩበትን መንትያ ነቅዬ የኃላፊውን ሰካሁ፣ ሣጥኑን ወለወልኩ፣ ሣጥኑ ላይ ጥልፍ ጨርቅ ሳይቀር አለበስኩ። ቡድኑ አልመጣም። በደሴ መንገድ ሽቅብ አጣዬ ሄዶ ምሳ በላ አሉ። ከዚያ ወዲህ የኃላፊውን ዲስክ በዓይኔ እንጂ በእጄ አልነካሁትም።

ከተማችን ሸዋ ሮቢትን በግንቦት የማያውቅ ሰው ሙቀት ምን እንደሆነ አያውቅም። ሰው አልጋውን ደጅ ያወጣል፤ ውሻ ከውሃ ማሰሮ ሥር አይነሳም። በአንድ ጠባብ ቆርቆሮ ውስጥ አራት ዲስክ ተደርድሮ ሲሠራ ውስጡ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅታችሁም። የማሽኑን ክዳን ከፈትኩ፣ ፊት ለፊቱ ቬንትሌተር አቆምኩ። ቬንትሌተሩ ሞቃቱን አየር ከሳሎን ወደ ማሽኑ፣ ማሽኑ ደግሞ ወደ ሳሎን ይመልሰው ጀመር። ባለቤቴ አንድ ቀን እጇን ሣጥኑ ላይ አድርጋ ይህ ነገር ያቃጥላል አለችኝ። በዚያ ሳምንት የጥናቷን የመጨረሻ ምዕራፍ ጨርሳ ነበር፤ አማካሪዋ በወሩ መጨረሻ ካላስረከበች ምርቃቷ ወደሚቀጥለው ዓመት እንደሚተላለፍ ነግሯታል።

ማክሰኞ ቀን ለምሳ ስገባ ከማሽኑ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ድምፅ አይስተውም፤ ዲስክ ሲሞት ነው። የኃላፊው ዲስክ ደህና ነው። የሐጂም ደህና ነው። የጋሼማ ዓመቱን ሙሉ የነካው ስለሌለ አዲስ ነው። በኃላፊውና በሐጂ መሃል ተጣብቆ ቀን ከቀን ሲሠራ የኖረው የቤታችን ዲስክ ነበር የሚጮኸው። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ገመድ ቀየርኩ፤ ማሽኑ ዲስኩን ጭራሽ አላውቀውም አለ። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ መንትያውን አወጣሁ። የመጨረሻው ፋይል የኅዳር ነው። የምርቱ ቁጥር የለም፣ ሠንጠረዡ የለም፣ ከዚያ ወዲህ የጻፈቻቸው ሦስት ምዕራፎች የሉም። የቁም ሣጥኑን በር ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን የሰለጠንኩት ሪፖርት በማቅረብ ነው። ባለቤቴ ማታ ገብታ ላፕቶፗን ከፍታ ስትዘጋ፣ ሰርቨሩ ላይ መጠነኛ የቴክኒክ ተግዳሮት አጋጥሟል፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይፈታል አልኳት። እሺ አለችና እራት አቀረበች። አለመጠየቋ እፎይ አሰኘኝ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ ለኃላፊዬ አመመኝ ብዬ አዲስ አበባ ሄድኩ። ዲስኩ እንዳይንገጫገጭ ያለኝን አንድ ጃኬት አልብሼ ጉልበቴ ላይ ያዝኩት፤ ከቆላ በሸሚዝ የወጣ ሰው ጣርማበር ደጋ ላይ በብርድ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ሕፃን የያዝኩ መስሏቸው ነጠላቸውን ሊያለብሱልኝ ቃጡ። ዲስክ የሚጠግነው ሰው ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማው፣ ከፈተው፣ ውስጡ ያለውን ክብ ሰሌዳ አሳየኝ። ዳር እስከ ዳር ተፍቋል። ቅጂ የለህም ወይ አለኝ። ሥራዬ ምን እንደሆነ እንዳይጠይቀኝ ፈርቼ ቶሎ ወጣሁ።

ቤቴ የደረስኩት ዓርብ ከሰዓት ነው። ሐጂ ሳሎን ተቀምጠው ልጆቹን ያያሉ፣ ባለቤቴ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ መግቢያም መደምደሚያም ያለው። አንዱም አልመጣልኝም። ወደ ውጭ እንውጣ አልኳት፤ እዚሁ ንገረኝ አለችኝ። ጃኬቱን ፈታሁና ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ሞቷል» አልኳት። «ማክሰኞ ነው የሞተው። ዋሸሁሽ። መንትያው ላይ ያለው የኅዳር ብቻ ነው። ሥራሽን አጠፋሁብሽ።»

ማልቀሴን ያወቅኩት ሐጂ የላፕቶፑን ድምፅ ሲቀንሱ ነው። ባለቤቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ ግን አልተነሳችም። ከእሷ በፊት የተናገሩት ሐጂ ናቸው።

«ልጄ» አሏት ግራ ተጋብተው፣ «ያ በየዓርቡ የኔ ዲስክ ላይ የምታስቀምጪው ወረቀት ሌላ ነው እንዴ?»

«እሱ ነው ሐጂ» አለች። «ሙሉውን ነው። እስካለፈው ዓርብ ድረስ ያለው።»

ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። መንትያዋን የነቀልኩ ጊዜ፣ በዚያው ሳምንት፣ ከዲስክዎ ላይ ትንሽ ቦታ ይስጡኝ ብላ ሐጂን ጠይቃቸዋለች። እሳቸው ወስደሽ ሙዪው ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ እሳቸው የልጅ ልጆቻቸውን አይተው በተነሱ ቁጥር የሳምንቱን ሥራዋን ስትገለብጥ ከርማለች። እኔ አዲስ አበባ ስንከራተት፣ እሷ ከዓርቡ እስከ ማክሰኞ ባሉት አራት ቀናት የጻፈችውን ከወረቀቷ ላይ መልሳ ስትጽፍ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ላፕቶፗን ከፍታ የቤቱን ዲስክ ስታጣው ነው ያወቀችው፤ እኔ ተግዳሮት ከማለቴ በፊት።

ሐጂ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው ደነገጡ። እኔ እኮ ልውሰደው ብዬ ነበር፣ አንተ ነህ እዚሁ ይሁን ያልከኝ፤ የሷ ቦታ መሆኑን ባውቅ አንድ ቀን አላሳድርም ነበር አሉኝ። ጋሼም በኋላ ሲሰሙ ያሉት ይህንኑ ነው፤ እሳቸውማ ዲስኩን የወሰድኩባቸው እኔ እንደሆንኩ፣ መልስልኝ ለማለት ይሉኝታ ይዟቸው እንደከረመ ነገሩኝ። ኃላፊዬን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሌላ ወረዳ ተመድቦ ሲሄድ ስለ ዲስኩ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«ብነግርህ የሐጂን ቦታ አጣበብሽ ትለኝ ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «አንተ ቤት የማይነቀለው የእንግዳ ነው። ስለዚህ እንግዳ ጋ አስቀመጥኩት።»

በማግስቱ የጋሼን ዲስክ መለስኩላቸው፣ የኃላፊዬን በፌስታል ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩ፣ የሐጂን ብቻ ሳልነካ መንትያውን ሰካሁ፣ አዲስ ዲስክም ጎኑ አኖርኩለት። መሰኪያዎቹ ላይ ስሟን በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩ። መጥታ አየችው፤ ጥሩ ነው አለችኝ። ጥናቷን በጊዜው አስረከበች፣ በጊዜውም ተመረቀች። እስከ ምርቃቷ ቀን ድረስ ግን በየዓርቡ ሥራዋን የምታስቀምጠው የሐጂ ዲስክ ላይ ነበር።